«ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ሞተሩ?»

ወደዚህ አምድ የሚመጣው ደብዳቤ አብዛኛው የልብ ጉዳይ ነው። «ከዳኝ፣ ተለየችኝ፣ አማቴ አላስቀምጥ አለችኝ...» የዛሬው ግን የእግር ጉዳይ ነው። አዎ፣ የእግር! አንድ የቀኝ እግርና አንድ የሞተር ሳይክል የፍሬን ፔዳል አልስማማ ብለው የሰው እንጀራ ሊያሳጡ ደርሰዋል። «ሞተር የለኝ፣ ምን አገባኝ?» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት። ነገሩ ከሞተርም ያልፋል። ደብዳቤውን እንዳለ አቅርበነዋል፤ ስሟንና የምትሠራበትን ወረዳ ግን እንደ ልማዳችን አውጥተነዋል።

«ዕድሜዬ 26 ነው። በግብርና ተመርቄ በአንድ ደጋ ወረዳ ውስጥ የቀበሌ የልማት ሠራተኞችን የምከታተል ሱፐርቫይዘር ነኝ። አምስት ቀበሌ አለኝ። መንገዱ ፒስታ ነው፤ ከፊሉማ ፒስታም አይባል፣ ቁልቁለትና ድንጋይ ነው። ከአራት ወር በፊት መስሪያ ቤቴ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሰጠኝ። ከእኔ በፊት ይነዳው የነበረው ባልደረባችን ወደ ዞን ተዛውሮ ነው። እሱ በጣም ረጅም ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ትልቅ ጠንካራ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ቁጭ ሳይል ቆሞ ነበር የሚነዳው። እኔ 1 ሜትር ከ56 ነኝ፤ የማደርገውም የላስቲክ ቦቲ ነው።

«መንጃ ፈቃድ አለኝ፤ ስልጠና ላይ አንድም ቀን አልወደቅኩም። በዚህ ሞተር ግን ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፤ ሁለቱም ቁልቁለት ላይ። ‹ትንሽ ልያዘው› ብዬ ፍሬን ስረግጥ የኋላው ጎማ ቀጥ ብሎ ይቆለፍና ወደ ጎን ይሸሻል። በሁለተኛው ክርኔ ተላጠ፣ የሞተሩም መስታወት ተሰበረ። ማታ ቤቴ ስገባ ደግሞ የቀኝ እግሬ ቅልጥም ፊት ለፊቱን ያመኛል፤ ግራው ምንም አይለኝም። ረጅም ቁልቁለት ወርጄ ስቆም የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል። አንድ ቀን ከኋላዬ ሲመጣ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ‹የፍሬን መብራትሽ አይጠፋም እንዴ?› ብሎኛል።

«ኃላፊዬ ‹መጀመሪያም ብዬ ነበር፣ ሞተር የሴት ሥራ አይደለም› ብሎ እስከ ወሩ መጨረሻ ለወንድ ባልደረባዬ እንዳስረክብ ነግሮኛል። ሞተሩን ካስረከብኩ ቢሮ ተቀምጬ የሰው ሪፖርት ስገለብጥ ልውል ነው፤ የመስክ አበሉም ይቀራል። እናቴንና ታናሽ ወንድሜን የማግዘው በሱ ነው። እናቴ ደግሞ ‹ልጄ፣ ከምትሞቺብኝ ይቅርብሽ› ትላለች። እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬአለሁ። እውነቱን ንገሩኝ፤ ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ሞተሩ?»

መልሱ ከደብዳቤሽ ውስጥ ነው

እህቴ፣ በመጀመሪያ ነፍስሽን ስላተረፈልሽ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለተኛ፣ ደብዳቤሽን ይዤ የመስክ ሞተሮችን ሲጠግኑ ዕድሜያቸውን ላሳለፉ አንድ መካኒክ አነበብኩላቸው። ገና ስለ ቅልጥምሽ ሕመም ስደርስ እጃቸውን አነሱና «በቃ፣ ፔዳሉ ለሷ ከፍ ብሏል» አሉ። «ፔዳል እኮ እንደ ጫማ ነው፤ ልክ አለው። የሰው ጫማ አድርጋ ‹መራመድ አልቻልኩም› ነው የምትለው።»

እስቲ የጻፍሻቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ እንያቸው።

የቀኝ ቅልጥምሽ ፊት ለፊት ለምን ያማል? ሰው ሞተር ላይ ሲቀመጥ ጉልበቱ ይታጠፋል፤ የእግሩ ጣቶችም በተፈጥሮ ወደ ታች ዘንበል ይላሉ። ፔዳሉ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ጣትሽ ሳትፈልጊ ያርፍበታል። እንዳያርፍበት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጣትሽን ወደ ላይ ሰቅለሽ ትውያለሽ። ይህን የሚሠራው ያ የሚያምሽ የቅልጥም ጡንቻ ነው። ግራው ያላመመሽ በዚያ በኩል ያለው ማርሽ ስለሆነና ሁልጊዜ ሸሽተሽ የምትኖሪው ነገር ስለሌለ ነው። የደካማነት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ባመሙሽ ነበር!

የፍሬን መብራቱ ለምን አይጠፋም? የተቃጠለውስ ሽታ? ሲደክምሽ እግርሽ ፔዳሉ ላይ ያርፋላ! አንቺ ፍሬን አልረገጥኩም ትያለሽ፤ ሞተሩ ግን ተረግጧል። በሞተርሽ የኋላ ጎማ መሃል ታምቡር አለ፤ በታምቡሩ ውስጥ ሁለት የፍሬን ሸራዎች አሉ። ፔዳሉ ሲረገጥ ሸራዎቹ ተከፍተው ከታምቡሩ ግድግዳ ጋር ይፋተጋሉ። ለደቂቃ ከሆነ ሥራቸው ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቁልቁለት ላይ ከተፋተጉ ግን ታምቡሩ ይግላል፤ ሲግል ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል። ሸራውም ግሎ ፊቱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ መያዝ ያቅተዋል። ያኔ በእውነት ፍሬን ስትፈልጊ ፔዳሉ ወርዶ ወርዶ ምንም አይሠራም። አደጋው ይሄ ነው፤ ከመንሸራተቱ ይልቅ እኔን ያስፈራኝም ይሄው ነው።

ጎማው ለምን ይቆለፋል? ፍሬን በልክ የሚያዘው በቁርጭምጭሚት ነው። የእግር መሃል ከማረፊያው ላይ ሳይነሳ ጣት ብቻ ዝቅ ሲል፣ ጥቂት፣ ትንሽ ጨምሮ፣ ትንሽ ቀንሶ መርገጥ ይቻላል። ፔዳሉ ከፍ ያለ ሲሆን ግን እግርሽን በሙሉ ከማረፊያው ታነሺና ከጭንሽ ትረግጫለሽ። ከጭን የሚመጣ እርግጫ «ጥቂት» የሚባል ነገር አያውቅም። ልቅ ጠጠር ላይ ደግሞ ጎማው ለመቆለፍ ብዙ ጉልበት አይፈልግም። ስለዚህ «ትንሽ ልያዘው» ያልሽው ልክ ነበር፤ ትንሽ መያዝ ያቃተሽ ግን ፔዳሉ ስላልፈቀደልሽ ነው።

ታዲያ ያ ረጅሙ ባልደረባሽ እንዴት ተመቸው? ጽፈሽዋል እኮ! እሱ የሚነዳው ቆሞ ነው፤ ያውም በጠንካራ ቦት። ሰው ማረፊያው ላይ ሲቆም የሰውነቱ ክብደት እግሩ ላይ ነው፤ እግሩም ጠፍጠፍ ይላል። ጠንካራ ቦት ደግሞ ቁርጭምጭሚት እንደ ልብ አያሳጥፍም። ለሱ ዝቅ ያለ ፔዳል የማይደረስበት ጉድጓድ ነው። ስለዚህ ከፍ አደረገው፤ ለራሱም ልክ ነበር። የጀርመኑ ቢኤምደብሊው እንኳ ጂኤስ አድቬንቸር በሚባለው የረጅም ጉዞ ሞተሩ ላይ፣ ነጂው ሲቆም ከፍ፣ ሲቀመጥ ዝቅ የሚያደርገው ተገልባጭ የፍሬን መርገጫ ሠርቶለታል። አንድ ሰው እንኳ ሲቆምና ሲቀመጥ ልኩ ይለያያል ማለት ነው። ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑማ ምኑ ይገርማል?

«ከፋብሪካ እንዲህ ነው የመጣው» የሚሉሽ ካሉም አትስሚያቸው። የፍሬን ፔዳል እንኳን ከፍታው፣ የሚገኝበት ጎን ራሱ እንደ ፋብሪካው የሚለያይበት ጊዜ ነበር። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ድረስ ትራያምፍን የመሰሉ የእንግሊዝ ሞተሮች ፍሬናቸው በግራ፣ ማርሻቸው በቀኝ ነበር። የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ያስተካክለዋል።

ልክሽን እንዴት ታውቂያለሽ?

ቁልፍ ከማንሳትሽ በፊት እነዚህን አድርጊ።

አንደኛ፣ በሥራ ቀን የምታደርጊውን ጫማ አድርጊ። የላስቲክ ቦቲ ከሆነ ቦቲውን። በሸበጥ ለክተሽ በቦቲ ብትነጂ ልፋትሽ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ሞተሩ ወድቆ ስለነበር ፔዳሉና የእግር ማረፊያው አለመጣመማቸውን እይ። በግራና በቀኝ ያሉትን ማረፊያዎች ከኋላ ሆነሽ አስተያዪ። አንዱ ከሌላው ዝቅ ካለ መጀመሪያ እሱ ይቃና። ፔዳሉ ከተጣመመ ደግሞ በመዶሻ ወደ ታች ቀጥቅጦ «አወረድኩልሽ» የሚልሽ ጎረምሳ እንዳያገኝሽ! የተቀጠቀጠ ብረት ስንጥቅ ይዞ ይኖርና ቁልቁለት ላይ ይሰበራል።

ሦስተኛ፣ አንድ ሰው መሪውን ይዞልሽ ሞተሩ ላይ ውጪና ተቀመጪ። የቀኝ እግርሽን መሃል ማረፊያው ላይ አድርጊና እግርሽን አላዪው፤ እንደ ልቡ ይሁን። አሁን ሌላ ሰው ጎንበስ ብሎ ይይልሽ። ጣትሽ ፔዳሉን ከተጫነው ከፍ ብሏል። ከጣትሽ ሥር ትንሽ ክፍተት ኖሮ፣ ጣትሽን ብቻ ዝቅ ስታደርጊ ፔዳሉን ካገኘሽው ልክሽ እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የፔዳሉ ራስ ከማረፊያው የላይኛው ፊት ጋር እኩል ወይም ከሱ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይገኛል። የሞተርሽ መጽሐፍ መስሪያ ቤታችሁ ካለ ቁጥሩን ከዚያ አንብቢ፤ ከቁጥሩ ተነሽና እግርሽ ወደሚለው ሂጂ።

አራተኛ፣ ቁሚ። ጉልበትሽን ጥቂት አጥፈሽ ማረፊያው ላይ ቆመሽ ፔዳሉን ሞክሪው። ቆመሽ ጭራሽ የማትደርሺበት ከሆነ ብዙ ወርዷል ማለት ነው። አስቸጋሪ ቦታ ላይ መቆምሽ ስለማይቀር መሃል ቦታ ፈልጊ። ዝቅ ማለቱም ሲበዛ ልክ እንደ ከፍታው መጥፎ ነው፤ ፍሬን ስትፈልጊ እግርሽ ሲፈልግ ቅጽበት ያልፋል፣ ቁልቁለት ላይ ቅጽበት ብዙ ሜትር ነው።

አሁን ወደ ቁልፉ

ሥራው ሩብ ሰዓት ነው። የ10፣ የ12 እና የ14 ቁልፍ፣ አንድ ፒንሳ፣ ጨርቅና ጥቂት ግሪስ ይበቃሻል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ታምቡሩ ቀዝቅዞ፣ ሜዳ ላይ ይሁን።

ቀጥሎ ያለውን ነገር ልብ ብለሽ አንብቢው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከፔዳሉ ወደ ኋላ ታምቡር የሚሄድ ረጅም ዘንግ አለ። ፔዳሉ ሲረገጥ ዘንጉን ይስበዋል፤ ዘንጉ ደግሞ ፍሬኑን ያስይዛል። እንግዲህ አስቢው፤ የፔዳሉን ማረፊያ ዝቅ ማድረግ ማለት በከፊል እንደ መርገጥ ነው! ፔዳሉን አውርደሽ ከኋላ ያለውን ዳዶ ካላላላሽው ፍሬኑ ሌት ተቀን ይያዛል፤ ካመለጥሽው ችግር ወደ ባሰው ገባሽ ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሥራዎች አይነጣጠሉም፦ ፊት ከፍታ፣ ኋላ ልል።

በመጀመሪያ ወደ ኋላ ጎማ ሂጂና በዘንጉ ጫፍ ያለውን ማስተካከያ ዳዶ ጥቂት ዙር አላልተሽ ፍሬኑን ነፃ አውጪው።

ከዚያ ወደ ፔዳሉ ተመለሺ። ፔዳሉ በሚሽከረከርበት አካባቢ፣ ሞላው ወደ ላይ ሲመልሰው የሚያርፍበት አንድ ቡሎን አለ፤ ቡሎኑን የሚያጠብቅ ዳዶም አብሮት አለ። ጭቃውን ጥረጊ። ዳዶውን አላይ፣ ከዚያ ቡሎኑን በግማሽ በግማሽ ዙር አዙሪ። ወዴት ሲዞር እንደሚወርድ ዓይንሽ ይነግርሻል። በየግማሽ ዙሩ ተቀምጠሽ ለኪው፤ አትቸኩዪ። ልክሽ ሲመጣ ቡሎኑን በአንድ ቁልፍ ይዘሽ ዳዶውን በሌላው አጥብቂ። ቡሎኑን ካልያዝሽው ከዳዶው ጋር ዞሮ የለካሽውን ያበላሽብሻል። ቡሎኑም በጣም ወጥቶ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ይዞ እንዳይቀር ተጠንቀቂ።

ቀጥሎ ወደ ኋላ። ፔዳሉን በእጅሽ ስትጫኚው ፍሬኑ መያዝ ከመጀመሩ በፊት የፔዳሉ ጫፍ ባዶውን የሚሄደው ጉዞ አለ። እንደ አንቺ ባለ የታምቡር ፍሬን ላይ ይህ ባዶ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለት ጣት እንደማለት። የኋላውን ዳዶ ስታጠብቂ ባዶ ጉዞው ይቀንሳል፣ ስታላዪ ይጨምራል። ዳዶው ጎድጎድ ባለው ፊቱ በደንብ ገብቶ መቀመጡን እይ፤ አንዳንዴ የተቀመጠ መስሎ ጫፍ ላይ ይቆምና መንገድ ላይ ወደ ቦታው ሲገባ ፍሬኑ ይላላል።

አሁን ሞተሩን ፎሌ አድርገሽ የኋላው ጎማ ከመሬት እንዲነሳ አስደግፊው። በእጅሽ አሽከርክሪው። እንደ ልቡ መዞር አለበት፤ «ሽሽሽ» ብሎ የሚቆም ከሆነ ገና ታስሯል። ፔዳሉን ስትረግጪ ደግሞ ቀጥ ይበል። ከዚያ አንድ ሰው ተቀምጦበት ባዶ ጉዞውን ድገሚና ለኪ፤ ሞተሩ ጭነት ሲያርፍበት የኋላው አካል ስለሚንቀሳቀስ ልኩ ሊቀየር ይችላል።

በመጨረሻ የፍሬን መብራቱ። ፔዳሉ ሲወርድ የመብራቱን ማብሪያ የሚስበው ሞላም ይሳባልና መብራቱ ሳትረግጪ ሊበራ ይችላል። ማብሪያውን በእጅሽ ያዢውና ዳዶውን ብቻ አዙሪ፤ ማብሪያውን ራሱን ካዞርሽው ሽቦው ይበጠሳል። መብራቱ መብራት ያለበት ፍሬኑ ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው ነው። ይህ ቀላል ነገር አይምሰልሽ፤ ሁልጊዜ የሚበራ የፍሬን መብራት እንደማይበራ ነው፣ ከኋላሽ ያለው ሹፌር መቼ እንደምትቆሚ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ስትጨርሺ ፔዳሉ የሚሽከረከርበትን ቦታ አጽድተሽ ጥቂት ግሪስ ቀቢው፤ ወደ ታምቡሩ ግን ዘይትም ሆነ ግሪስ እንዳይጠጋ! ሸራ ዘይት ከነካው አለቀለት።

የአንቺን ሞተር በተመለከተ መካኒኩ አንድ ነገር አደራ ብለዋል። አራት ወር ሙሉ ሲፋተግ የኖረ ሸራ ሳይታይ አይታለፍም። በብዙ ታምቡሮች ላይ የሸራውን ማለቅ የሚያሳይ ምልክት ከውጭ አለ፤ ፔዳሉ ተረግጦ ጠቋሚው መጨረሻው ድረስ ከደረሰ ሸራው ይቀየር። ጠቋሚው ደህና ቢሆንም እንኳ ሸራው አብለጭልጮ ሊሆን ስለሚችል ጎማው ወርዶ ይታይ። ይህ የመካኒክ ሥራ ነው፤ መስሪያ ቤትሽን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ቅጂውን አስቀሪ።

ካቴናው በተጠበቀ ቁጥርም ፍሬኑን መልሰሽ ለኪ። ካቴና ለማጥበቅ የኋላው ጎማ ወደ ኋላ ሲሳብ የፍሬኑ ዘንግም አብሮ ይወጠራል፤ ባዶ ጉዞው ሳታውቂ ይጠፋል።

ለአንተም፣ ወንድሜ

በዚሁ አጋጣሚ ከአዲስ አበባ የጻፍክልን ወንድማችን፣ ቅዳሜና እሁድ ወደ ሱሉልታ በኩል ጋራውን የምትወጣበት ሞተርህ የኋላ ፍሬኑ ዲስክ መሆኑን ነግረኸናል። ያንተም ፔዳል ይስተካከላል፤ መንገዱ ግን ይለያል። ከፔዳልህ ሥር ወደ ፍሬን ዘይት ፖምፓው የሚገባ አጭር ዘንግ አለ። የሚያጠብቀውን ዳዶ አላልተህ ዘንጉን ስታዞረው ፔዳሉ ይወጣል ወይም ይወርዳል። በአንዳንዱ ላይ ማረፊያ ቡሎኑም አለ፤ ሁለቱም አብረው መስተካከል አለባቸው።

ያንተ ባዶ ጉዞ በጣም ትንሽ ነው። ለምሳሌ ኬቲኤም ለብዙዎቹ የጭቃ ሞተሮቹ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይላል። ትንሽ ነው ብለህ ጨርሶ እንዳታጠፋው! ባዶ ጉዞ ከሌለ ዘንጉ ፖምፓውን ሁልጊዜ ገፍቶት ይኖራል። ዘይቱ ሲግል ይሰፋል፤ የሚመለስበት ቀዳዳ ስለተዘጋ ፍሬኑ ራሱን በራሱ ይይዛል፤ ሲይዝ የበለጠ ይግላል። መጨረሻው ወይ ጎማው መቆለፍ ወይ ዘይቱ መፍላት ነው። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ቆይቶ እርጥበት ከሳበ ግን ደረጃው የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ከጎሀ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር በላይ መሆኑን አትርሳ። የፈላ ዘይት ያለው ፍሬን ስትረግጠው እንደ ስፖንጅ ነው።

ሙከራውና ቁልቁለቱ

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። አስተካክለሽ እንደጨረስሽ ወደ ቁልቁለት እንዳትሄጂ። መጀመሪያ የትምህርት ቤት ሜዳም ይሁን የገበያ ቦታ፣ ሰው የሌለበት ሜዳ ፈልጊ። ሄልሜትሽን አድርገሽ በዝግታ እየነዳሽ፣ እግርሽን ከማረፊያው ሳታነሺ በጣት ብቻ እየረገጥሽ አቁሚ። አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። እግርሽ አራት ወር ሙሉ ከጭን መርገጥ ለምዷልና አዲሱን እስኪለምድ ጊዜ ስጪው። ከዚያ አጭር ቁልቁለት።

ቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬን ብቻውን አይሸከምሽም። ከመውረድሽ በፊት አንደኛ ወይም ሁለተኛ ማርሽ አስገቢና ሞተሩ ራሱ ይያዝሽ። «ነዳጅ ልቆጥብ» ብሎ ፎሌ አድርጎ መውረድ ሞትን መጥራት ነው። የፊቱን ፍሬንም አትፍሪው፤ አስፋልትና ደረቅ መሬት ላይ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። ልቅ ጠጠርና ጭቃ ላይ ግን በሁለት ጣት፣ በለሆሳስ። የፊት ጎማ ከተቆለፈ መመለሻ የለውም፤ የኋላው ቢቆለፍ ፔዳሉን ስትለቂው ይመለስልሻል። ለዚህ ነው መልቀቅ የምትችይው ፔዳል የሚያስፈልግሽ።

ለኃላፊሽ ምን ትያለሽ?

እንግዲህ የብረቱን ጨርሰናል፤ የሰው ቀርቷል።

ወሩ ሳያልቅ ኃላፊሽ ዘንድ ግቢ። አታልቅሺ፣ አትጣዪም። እንዲህ በይ፦ «ሞተሩ የተስተካከለው ከእኔ በፊት ለነበረው ባልደረባችን ቁመትና ጫማ ነበር። አሁን ለእኔ አስተካክዬዋለሁ፤ ሸራውም እንዲታይ በጽሑፍ ጠይቄአለሁ። ሁለት ሳምንት ይሰጠኝና በሥራዬ ይመዘን።» አጭርና ንጹህ። ካልሆነና «አስረክቢ» ካለሽ፣ ውሳኔውንና ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲሰጥሽ በትሕትና ጠይቂ። «ሴት ስለሆነች» የሚል ምክንያት በቃል ይቀላል፤ ወረቀት ላይ ማስፈር ግን ይከብዳል።

ደግሞም ያ ወንድ ባልደረባሽ ቢረከበውስ? ፔዳሉ ለሱ ልክ ካልሆነ እሱም ይወድቃል። ያን ጊዜ «ሞተር የወንድ ሥራ አይደለም» ይባል ይሆን? አይባልም። «ሞተሩ ችግር አለበት» ነው የሚባለው! ልዩነቱን አየሽው?

ሞተሩን ለሁለት የምትጋሩት ከሆነ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። የጥፍር ቀለም አለሽ አይደል? ያንቺ ልክ ሲገኝ በቡሎኑና በዳዶው ላይ አንድ ነጥብ አድርጊ። ባልደረባሽ ስንት ዙር እንደሚፈልግ ደግሞ በሞተሩ መዝገብ ላይ ይጻፍ። ተረካቢ ሁሉ ሲረከብ እንደሚፈርመው ሁሉ ፔዳሉንም ለራሱ ይለካ፤ የኋላውንም ባዶ ጉዞ አብሮ። ልብስ ሰፊ አንዱን ሱሪ ለአሥር ሰው አያለብስም፤ መስሪያ ቤት ግን አንዱን ሞተር ሳይለካ ለአሥር ሰው ይሰጣል።

ለእናትሽም አንድ ቃል። እናት ትፈራለች፤ ብትፈራም አይፈረድባትም። «ሞተሩን ተይው» ያሉሽ ክርንሽን አይተው ነው። ሳትደብቂ ቁጭ አድርገሽ ምኑ እንደተበላሸና ምኑ እንደተስተካከለ አስረጂያቸው። የሚያስፈራው ያልታወቀ ነገር ነው።

እና ጥያቄሽን ልመልስ፤ «ችግሩ እኔ ነኝ ወይስ ሞተሩ?» ብለሻል። ችግሩ አንቺም አይደለሽም፣ ሞተሩም አይደለም። በሁለታችሁ መሃል ያለች አንዲት ቡሎን ናት። ፔዳሉ ተስተካክሎ፣ ሸራው ታይቶ፣ ሜዳ ላይ ተለማምደሽም ጎማው አሁንም የሚሸሽ ከሆነ ያን ጊዜ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን፤ የጎማው ጥርስ ማለቅ፣ የንፋሱ መብዛት፣ የታምቡሩ መበላት... እሱንም ጻፊልን። እስከዚያው ግን የሞተሩን ቁልፍ ለማንም እንዳታስረክቢ፤ መጀመሪያ የ12ቱን ቁልፍ አንሺ።

ውድ አንባቢያን፣ «ለእኔ አይሆንም» ብላችሁ የተዋችሁት ነገር ካለ እናንተም እስቲ መለስ ብላችሁ እዩት፤ ምናልባት ለሌላ ሰው ልክ ተስተካክሎ ይሆናል። አስተያየታችሁንና ጥያቄያችሁን እንጠብቃለን። ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!